ከስኩተር ወደ ሞተር፦ የወንድሜን ልውሰድ ወይስ የራሴን ልፈልግ?

ውድ እትዬ፣ ጤና ይስጥልኝ።

ዓምድዎን ሁልጊዜ አነባለሁ። እንደኔ ዓይነት ጥያቄ ግን አይቼ ስለማላውቅ እየፈራሁ ነው የምጽፈው። ዕድሜዬ 27 ነው። ሮም መኖር ከጀመርኩ ስምንት ዓመት ሆነኝ፤ ቤቴ ቶርፒኛታራ ነው። ላለፉት ሦስት ዓመታት ሆንዳ ኤስ ኤች 125 ሲሲ ስኩተር በመኪና ፓተንቴዬ (መንጃ ፈቃዴ) ስነዳ ቆይቻለሁ። ከቤት ተርሚኒ ባቡር ጣቢያ፣ ከተርሚኒ ቤት። አንድም ቀን አልወደቅኩም።

ዘንድሮ ፊዩሚቺኖ አውሮፕላን ማረፊያ ሥራ አገኘሁ። ፈረቃዬ አንዳንዴ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ይገባል። በራኮርዶው፣ ሮምን በሚዞረው አውራ ጎዳና፣ ስሄድ ስኩተሬ ጉልበቷ ያልቃል። ከባድ መኪና ከኋላዬ ሲመጣ መላ ሰውነቴ ይጨመደዳል። ከፍ ያለ ነገር ያስፈልገኛል።

ግን እውነቱን ልንገርዎት። ሥራው ባይኖርም ሞተር እፈልግ ነበር። ማርሽ ያለው፣ እግር ተነስቶ የሚወጣበት እውነተኛ ሞተር። መንገድ ላይ ሳይ ዓይኔ አብሮት ነው የሚሄደው።

ያስጨነቁኝ ሦስት ሰዎች ናቸው። ሚላኖ ያለው ታላቅ ወንድሜ ያማሃ ኤም ቲ 07 አለው። ሌላ ሊገዛ ስለሆነ «ላንቺ በግማሽ ዋጋ፣ ቀስ እያልሽ በየወሩ ትከፍይኛለሽ» አለኝ። ትንሽ ከገዛሽ በስድስት ወር ይሰለችሻል ይላል። አብራኝ የምትኖረው ጓደኛዬ ደግሞ «350 ስኩተር ግዢና ተገላገይ» ትላለች። እማዬ አዲስ አበባ ናት። ስኩተሩን ራሱ የነገርኳት ከዓመት በኋላ ነው፤ «ስለ እመብርሃን ብለሽ» ብላ አለቀሰች።

ቁመቴ 1 ሜትር ከ58 ነው። የወንድሜ ሞተር ላይ አንዴ ተቀምጬ ነበር። መሬት የነካው የእግር ጣቶቼ ጫፍ ብቻ ነው። ለእሱ ግን «ጥሩ ነው» አልኩት። እምቢ ብለው ይቀየመኛል፣ እሺ ብለው እፈራለሁ። ምን ላድርግ?

እህትዎ፣ ከቶርፒኛታራ

መልስ

እህቴ፣

ደብዳቤሽን ሁለቴ አነበብኩት። ሁለተኛ ሳነበው አንዲት ቦታ ላይ ቆምኩ። «ለእሱ ግን ጥሩ ነው አልኩት» ያልሽው ላይ። ስለ ሞተር ብዙ የምንጫወተው አለ፤ የመልሱ ግማሽ ግን እዚያ ያለ ይመስለኛል። እግርሽ አልደረሰም። አንቺም በዚያው ቅጽበት አውቀሻል። አፍሽ ነው ወንድምሽን ላለማስከፋት ሌላ ያለው።

እኔም ይህን ከተማ የማውቀው በሁለት ጎማ ነው። ስምንት ዓመት ስኩተር ነድቼ ነው ወደ ሞተር የተሻገርኩት። ቁመቴም ካንቺ ብዙ አይበልጥም። ስለዚህ ጭንቀትሽ ለኔ እንግዳ አይደለም።

መጀመሪያ ስለ መፈለግሽ። «እውነቱን ልንገርዎት» ብለሽ እንደ ኃጢአት ነው የተናዘዝሽው። ምንም ጥፋት የለውም። በስደት አገር ሌሊት ተነስታ የምትሠራ ልጅ የምትወደው ነገር ቢኖራት ደስ ይለኛል እንጂ አልፈርድባትም። አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅሽ። ሞተሩን በሐሳብሽ ስታይው ምን ቀን ነው? የግንቦት እሑድ ከሰዓት በኋላ ወደ ባሕር ስትወርጂ ነው? ወይስ በጥር ዝናብ፣ ከሌሊቱ 10 ሰዓት፣ ቦርሳሽን ይዘሽ ወደ ሥራ ስትሄጂ? የሁለተኛውንም ቀን አስበሽው አሁንም ልብሽ ካለ፣ ሞተር ነው የምትፈልጊው። የመጀመሪያው ብቻ ከታየሽ ግን የጓደኛሽን ሐሳብ በንቀት አትለፊው።

እሷ ያለችው ነገር ቁም ነገር ነው። የያዝሽው ኤስ ኤች ታላቅ ወንድም አለው፣ 350ው። ጉልበቱ 29 የፈረስ ጉልበት ገደማ ነው፣ ያንቺው 13 አካባቢ ነው። ጎማው እንደለመድሽው ትልቅ፣ 16 ኢንች ነው። የሮምን ጉድጓድና የድንጋይ ንጣፍ ትልቅ ጎማ ምን ያህል እንደሚያቀለው አንቺ ታውቂዋለሽ። እግርሽን ከዝናብ የሚከልል ፊት አለው፣ ከመቀመጫው ሥር ዕቃ ይይዛል። ለፊዩሚቺኖው መንገድ ብቻ ቢሆን ኖሮ ሳላቅማማ እሱን እልሽ ነበር። ከታኅሣሥ 2024 እ.ኤ.አ. ወዲህ የጣሊያን ሕግ ተሻሽሎ፣ ከሁለት ዓመት በላይ ፈቃድ ያለው አዋቂ 125ንም አውራ ጎዳና ላይ መንዳት ይችላል። ግን መፈቀዱ ሌላ፣ መመቸቱ ሌላ ነው። ስኩተርሽ ጉልበቷን ጨርሳ፣ ከኋላሽ ከባድ መኪና፣ በጎንሽ የሚበር መኪና ይዘሽ መሄድ የሚያስጨንቅ ነው። ሰውነትሽ የተጨመደደው በከንቱ አይደለም።

አሁን ትንሽ የሚያሳርፍሽን ነገር ልንገርሽ። 350 ስኩተርም ሆነ ሞተር፣ ለሁለቱም ሌላ ፓተንቴ ያስፈልግሻል። የመኪናው የሚያስነዳሽ እስከ 125 ነው፣ ያውም ጣሊያን ውስጥ ብቻ። ስለዚህ ዛሬ የትኛውን ልግዛ ብለሽ እንቅልፍ ማጣት የለብሽም። ዛሬ የምትወስኚው ትምህርት መጀመሩን ብቻ ነው። የመኪና ፓተንቴ ስላለሽ የጽሑፍ ፈተናው አይመለከትሽም፤ የሚቀርሽ የመንዳቱ ነው። ቋንቋውም አያስቸግርሽም። ፍሬን፣ ፍሪሲዮን፣ ማርሽ ስንል ያደግነው ከዚሁ ከጣሊያኖቹ ቃል ነው። አስተማሪሽ አፉን ሲከፍት ግማሹን እናትሽ ቤት ሳለሽ የሰማሽው ይሆናል።

ሁለት ነገር ግን አስተውዪ። አንደኛ፣ ፈተናውን በስኩተር አትፈተኚ። ቀላል ስለሆነ ያጓጓል። በአውቶማቲክ ከተፈተንሽ ግን ፓተንቴሽ ላይ 78 የሚል ቁጥር ይጻፋል፣ ማርሽ ያለው ሞተር መንዳት አትችይም። ሁለተኛ፣ ዕድሜሽ ከ24 ስላለፈ በቀጥታ ለሙሉው ኤ፣ የጉልበት ገደብ ለሌለው የሞተር ፓተንቴ፣ መቅረብ ትችያለሽ። ወይም ኤ2 ማውጣት ትችያለሽ፤ እሱ እስከ 35 ኪሎዋት፣ ማለትም እስከ 48 የፈረስ ጉልበት ገደማ ያስነዳል። ለሙሉው ኤ የምትፈተኚበት ሞተር ከ50 ኪሎዋት ያላነሰ ትልቅ ነው። ስለዚህ ትምህርት ቤቱ ሄደሽ ከመመዝገብሽ በፊት «የምትፈተኑበት ሞተር ላይ ልቀመጥ» በያቸው። እግርሽ ከደረሰና ካልፈራሽው ሙሉውን ውሰጂ፣ ወደፊት ሌላ ፈተና ያስቀርልሻል። ካልደረሰ ኤ2 ለመጀመሪያ ሞተር ከበቂ በላይ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። ከስኩተር ለሚመጣ ሰው የሚያሰጋው የሞተሩ ፍጥነት አይመስለኝም። የሚያሰጋው ግራ እጁ ነው።

አስቢው። ስኩተርሽ ላይ ሁለቱም እጆችሽ ፍሬን ይይዛሉ፤ ቀኙ የፊቱን፣ ግራው የኋላውን። ሞተር ላይ ግራ እጅሽ ፍሪሲዮን ነው። የኋላ ፍሬን ወደ ቀኝ እግርሽ ይወርዳል። ግራ እግርሽ ማርሽ ይቀይራል። ጸጥ ባለ መንገድ ይህን በአንድ ሳምንት ትለምጂዋለሽ። ሰው ሲደነግጥ ግን የሚያደርገው ትናንት የተማረውን ሳይሆን ለዓመታት የለመደውን ነው። የኔም ታሪክ እሱ ነው። ሞተር በገዛሁ በሁለተኛው ሳምንት፣ ፖርታ ማጆሬ ጋ፣ መሬቱ እርጥብ ነበር። ፊቴ ያለው መኪና ድንገት ቆመ። እንደ ስኩተር ዘመኔ ግራ እጄን ጨበጥኩ። ፍሪሲዮኑ ተያዘ፣ ኢንጂኑ ከጎማው ተለየ፣ ሞተሩ መቆሙ ቀርቶ በነፃነት ተንከባለለ። የመኪናውን ከኋላ ገጨሁት። ጉልበቴ ተላጠ፣ መስታወቴ ተሰበረ፣ ሌላ ጉዳት አልደረሰም። ያ ቀን የትራሙ ሐዲድ ላይ ወድቄ ቢሆንስ እያልኩ ግን ብዙ ሌሊት ሳልተኛ አድሬያለሁ።

ለዚህ ነው ትምህርቱን አስቀድሚ የምልሽ። ከአሁኑ ደግሞ ስኩተርሽ ላይ አንድ ልምምድ ጀምሪ። በደረቅና ቀጥ ባለ መንገድ፣ ከኋላሽ ሰው ሳይኖር፣ ስትቆሚ ቀኝ እጅሽ ቀድሞ ይያዝ። ቀስ ብሎ ይጀምር፣ እየጠበቀ ይሂድ። ግራው ያግዘው እንጂ አይምራው። ማቆሚያ ሲባል ቀኝ እጅሽ ቀድሞ ትዝ እንዲልሽ ነው።

ሞተር ላይ ከወጣሽ በኋላ ደግሞ ፍሪሲዮኑ የሚይዝበትን ቦታ እጅሽ ማወቅ አለበት። ቀስ እያልሽ ስትለቂው ሞተሩ ወደፊት መሄድ የሚፈልግበት አንድ ነጥብ አለ። እዚያ ነጥብ ላይ መቆየት፣ በእርምጃ ፍጥነት መሄድ፣ መመለስ። ትራፊክ መብራት ላይ ይጠፋብኝ ይሆን የሚለው የሁላችንም ፍርሃት በዚህ ልምምድ ነው የሚሄደው። ይጠፋብሻል፣ አትጠራጠሪ። እኔ በመጀመሪያው ሳምንት ስንቴ እንደጠፋብኝ አልቆጠርኩትም። ፍሪሲዮን ይዘሽ አስነስተሽ ትሄጃለሽ። ጥሩምባ የሚነፋው ሰው ከአንድ ደቂቃ በኋላ ረስቶሻል።

ስለ ወንድምሽ ሞተር። ኤም ቲ 07 መጥፎ ሞተር አይደለም፤ እኔም እወደዋለሁ። ክብደቱ 184 ኪሎ ገደማ፣ ጉልበቱ 73 የፈረስ ጉልበት፣ የመቀመጫው ከፍታ 80 ሴንቲ ተኩል። ያንቺ ስኩተር 134 ኪሎ አካባቢ ናት። 50 ኪሎ ጨምረሽ፣ ጉልበቱን አምስት ስድስት እጥፍ አድርገሽ፣ በእግር ጣትሽ ጫፍ ቆመሽ፣ ግራ እጅሽን እንደገና ታስተምሪያለሽ ማለት ነው። ሁሉንም በአንድ ጊዜ። «ለኤ2 ጉልበቱን ማስቀነስ ይቻላል» ሊልሽ ይችላል። ቁመቱና ክብደቱ ግን አይቀነስም።

«ትንሽ ይሰለችሻል» የሚለውም አልተዋጠልኝም። ወንድምሽ ካለበት ሆኖ ነው የሚያየው። አንቺ ከ13 የፈረስ ጉልበት ወደ 47 ብትሄጂ አራት እጥፍ ሊሞላ ምንም አይቀረውም። ደግሞ ያገለገለ ጥሩ የጀማሪ ሞተር ሁልጊዜ ፈላጊ አለው። ሁለት ዓመት ነድተሽ ብትሸጪው ብዙ አትከስሪም።

ከዋጋው በላይ ያሳሰበኝ በየወሩ ትከፍይኛለሽ ያለው ነው። ጀማሪ ሞተር ይጥላል። ቆሞም ይጥላል፤ ማቆሚያውን ሳያወርድ፣ ወይም ዳገት ላይ እግሩ ተንሸራቶ። ገና ግማሹን ያልከፈልሽውን የወንድምሽን ሞተር ብትጥይው በሁለታችሁ መካከል ምን ይፈጠራል? እሱ ምንም ላይልሽ ይችላል። አንቺ ግን ስልኩን ለማንሳት ትሳቀቂያለሽ። የራስሽን ብትጥይ አንስተሽው ትሄጃለሽ።

እንዲህ ብትይውስ? «ወንድሜ፣ ያን ቀን ጥሩ ነው ያልኩህ እንዳይከፋህ ብዬ ነው። እግሬ አልደረሰም፣ ፈርቻለሁ። ሞተርህን አልወስድም። ግን ካንተ ሌላ ነገር እፈልጋለሁ። የምገዛውን ሳይ አብረኸኝ ናልኝ።» እርዳታውን እየገፋሽ አይደለም፣ ቦታውን እየቀየርሽለት ነው። እሱ ያገለገለ ሞተር ማየት ያውቅ ይሆናል። አንቺ ብቻሽን ሄደሽ ሻጩ ከሚያዋክብሽ፣ እሱ ሰንሰለቱን፣ የፊት አሞርዛተሩ (ንዝረት የሚያበርደው) ዘይት ማፍሰስ አለማፍሰሱን፣ የጎማውን ዕድሜ ይይልሽ። ጎማው ጎን ላይ አራት ቁጥር አለ፤ የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ሳምንቱን፣ የኋለኞቹ ዓመቱን ይነግራሉ። ሻጩንም ኢንጂኑን አስቀድሞ እንዳያሞቀው ንገሩት። ቀዝቅዞ ሳለ እንዴት እንደሚነሳ ነው ማየት ያለባችሁ።

ታዲያ የትኛውን? መቀመጫው ላይ ሳትቀመጪ ስም ብሰጥሽ ቅር ይለኛል፤ ግን ከየት እንደምትጀምሪ ልንገርሽ። ለአንቺ ቁመት መጀመሪያ የማስቀምጥሽ ሆንዳ ሬብል 500 ላይ ነው። መቀመጫው 69 ሴንቲ ብቻ ነው፤ ሁለቱም እግርሽ ሙሉ በሙሉ መሬት ይረግጣል። ጉልበቱ 46 የፈረስ ጉልበት ገደማ ስለሆነ ራኮርዶው ላይ አያሳፍርሽም። ቀጥ ብለሽ መቀመጥ ከመረጥሽ ያው ኢንጂን ያለው ሆንዳ ሲቢ 500 አለ፤ መቀመጫው 79 ሴንቲ አካባቢ ቢሆንም ቀጭን ስለሆነ ከቁጥሩ በላይ እግር ያደርሳል። ሮያል ኤንፊልድ ሃንተር 350 ውብ ነው፣ ለከተማም ልብ ያሳርፋል፤ ግን ጉልበቱ 20 ነው። በየቀኑ ፊዩሚቺኖ ለሚመላለስ ሰው አልመርጠውም። በየመንገዱ የምታይው ቤኔሊ ቲ አር ኬ 502 ደግሞ ለኤ2 ቢሆንም ከ230 ኪሎ በላይ ይመዝናል። ለመጀመሪያ ጊዜ እንኳን ላንቺ፣ ለረጅምም ሰው ከባድ ነው።

ሱቅ ስትሄጂ የሥራ ጫማሽን አድርገሽ ሂጂ፣ ተረከዝ ያለው አይሁን። ተቀመጪና ከማቆሚያው ላይ ራስሽ አንሺው። አስር ደቂቃ ተቀመጪ። ወደ ኋላ በእግርሽ ግፊው። የሁለቱ እግሮችሽ የፊት መዳፍ ሙሉ መሬት ካልያዘ፣ የቱንም ያህል ቢያምር ውረጂ። ኤ ቢ ኤስ፣ ፍሬን ሲያዝ ጎማው እንዳይቆለፍ የሚያደርገው፣ ያለው ይሁን። አውሮፓ ውስጥ ከ2017 እ.ኤ.አ. ወዲህ አዲስ ሆነው የተሸጡ ከ125 በላይ ያሉት ሁሉ አላቸው፤ ከዚያ በፊት የተሠራ ከሆነ ጠይቂ። ኢንሹራንሱንም ከመክፈልሽ በፊት ለእያንዳንዱ ሞዴል ዋጋ አስወጪ። የቤተሰብን ጥሩ የኢንሹራንስ ደረጃ መውረስ የሚቻለው አንድ ቤት ለሚኖሩ ነው፤ የወንድምሽ ሚላኖ ስለሆነ አይጠቅምሽም።

ከገንዘብሽ ላይ ለልብስ የሚሆነውን አስቀድመሽ ለይተሽ አስቀምጪ። መከላከያ ያለው ጃኬት፣ ጓንት፣ ቁርጭምጭሚት የሚሸፍን ጫማ። ሄልሜቱ ውስጥ 22.06 የሚል የአውሮፓ ደረጃ ይኑረው። ሱቅ ያሉት ሰዎች የማይነግሩሽን አንድ ነገር ደግሞ እኔ ልንገርሽ፤ በጸጉርሽ ጉዳይ። ተፈትቶ ሳለ የለካሽው ሄልሜት ሹሩባ ስትሠሪ ይላላል፣ በተጨማሪ ጸጉር ስትሠሪ ደግሞ አልገባም ይላል። አብዛኛውን ጊዜ የምትሠሪውን አሠራር ሠርተሽ ሄደሽ ለኪ። ስታናውጪው ጉንጭሽ አብሮ መንቀሳቀስ አለበት።

እናትሽ ቀረች። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ።

እናትሽ ሞተር ሲባል ምን እንደሚታያት አስቢ። አዲስ አበባ ውስጥ በ2011 ዓ.ም. መጨረሻ የግል ሞተር በከተማው እንዳይንቀሳቀስ የተከለከለው ዘረፋ በዛ ተብሎ ነው። ለብዙ እናቶች ሞተር ማለት ቦርሳ የሚነጥቅ ሰው፣ ወይም መንገድ ላይ የተዘረጋ ልጅ ነው። የአንቺን ሄልሜት፣ የአንቺን ሥልጠና አላየችም። ስኩተሩን ደግሞ ከዓመት በኋላ ነው የሰማችው። ያስለቀሳት ስኩተሩ ብቻ ነው? ወይስ ዓመት ሙሉ ሳታውቅ መኖሯ? ይህን አንቺ ታውቂያለሽ። በኔ ሐሳብ ግን አሁን ከመግዛትሽ በፊት ንገሪያት። ሥራው ምን እንደሆነ፣ ሌሊት እንደምትወጪ፣ ትምህርት እንደምትጀምሪ። ፈቃድ አትጠይቂያት፤ ትልቅ ሰው ነሽ፣ እሺ ብላም እምቢ ብላም አታርፍም። ምርቃት ጠይቂያት። የመጀመሪያ ቀን ታለቅስ ይሆናል። ከዚያ ግን በየፈረቃሽ ስትደርሺ «ደረስኩ» የሚል አንድ መልእክት ላኪላት፤ በሷ አቆጣጠር ቀላል ነገር አይደለም።

አሁን አንድ ነገር አድርጊ። በዚህ ሳምንት ትምህርት ቤቱ ሄደሽ ሞተሩ ላይ ተቀመጪ። ፎሊዮ ሮዛሽን (የተለማማጅ ፈቃድሽን) ስታወጪ አስተማሪሽን ከትምህርቱ ውጭ የት ልለማመድ ብለሽ ጠይቂው፤ እሑድ በማለዳ ኤውር ሰፈር ያሉት ሰፋፊ ቦታዎች ባዶ ናቸው። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ወራት ከገዛሽ በኋላም ስኩተርሽን አትሽጪያት። ዝናብ ሲዘንብ ወይም ሲደክምሽ እሷን ያዢ።

ፍሪሲዮን ለመጀመሪያ ጊዜ ለቀሽ በሄድሽበት ቀን ማታ ጻፊልኝ። ሬብሉ ላይም ስትቀመጪ እግርሽ እንዴት እንደረገጠ ንገሪኝ።

እህትሽ